1969 ክፍት ቮልስ ይዤ ስካይላይን ድራይቭ ልወጣ ነው፤ መጀመሪያ ምኑን ላስፈትሽ?

የፒያሳ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሰኔ የ1969 ቮልስ ገዛሁ። ጣሪያው ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቀለሙ ነጭ፣ ወንበሩ ቀይ፣ ሞተሩ የራሱ 1500 ነው። የሸጡልኝ አዛውንት የጥገናውን ደረሰኝ ሁሉ በካርቶን አስቀምጠው ነበር፤ አብረው ሰጡኝ።

አባቴ አዲስ አበባ ቮልስ ነበረው። እሑድ እሑድ ሁላችንንም ጭኖ እንጦጦ ይወስደን ነበር። እናቴ አሁን እዚህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። መኪናውን ያመጣሁ ቀን ገና ሳታየው በድምፁ ለየችው። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ጣሪያውን ከፍቼ ቨርጂኒያ ባለው የተራራ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ይዣት ልወጣ እፈልጋለሁ።

እስካሁን የነዳሁት ሰፈር ውስጥና በፖቶማክ ዳር ዳር እስከ ማውንት ቨርነን ነው። ሜዳ ላይ ግሩም ነው፤ ተራራ ላይ ግን አልሞከርኩትም። ከመውጣቴ በፊት ምኑን ላስፈትሽ? የሰፈሬ ጋራዥ «ካርቡሬተር ያለው መኪና አንነካም» ብሎኛል። ደግሞስ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ክፍት መኪና ላይ ያን ያህል መንገድ ትችለዋለች?

አባ ቺንጋ (አሌክሳንድሪያ)፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ጥሩ ዓመት ነው የያዝሽው። መብራቱ 12 ቮልት ነው። አሜሪካ የመጣው የ69 ሞዴል የኋላ እግሩ ተሻሽሏል፤ ኩርባ ላይ ከቀደሙት የተሻለ መሬት ይይዛል። ደረሰኞቹን አንብቢያቸው፤ ምን መቼ እንደተቀየረ ከእነሱ በላይ የሚነግርሽ የለም።

ይሄን ስም ያወጡልኝ አዲስ አበባ አብረውኝ የሠሩ የጋራዥ ልጆች ናቸው፤ ከቺንጋ፣ ማለትም ከሞተሩ ቀበቶ ሌላ ስለማልጀምር። አሁንም ከእሱ ልጀምር። የኋላ ኮፈኑን ክፈቺ። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ ቬንትሌተሩንም ያዞራል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያ ነፋስና ዘይቱ ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ከፊትሽ ቀይ መብራት ይበራል። ሌላ መኪና ላይ ይህ መብራት ቢበራ ባትሪው አልሞላም ማለት ነው፤ እየነዳሽ ቤትሽ ልትገቢ ትችያለሽ። ቮልስ ላይ ግን ዳር ያዢና ወዲያው ሞተሩን አጥፊ። «እስከሚቀጥለው መውጫ ልድረስ» ብሎ ነገር የለም።

የቺንጋውን መሃል በአውራ ጣትሽ ስትጫኚው 15 ሚሊሜትር ያህል መግባት አለበት። ከላላ፣ ቺንጋው በሚዞርበት ፑሊ ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ስስ ቀለበቶች እየቀነስሽ ታጠብቂዋለሽ። ያወጣሽውን ቀለበት አትጣይው፤ ከዳዶው ስር በውጭ በኩል ይቀመጣል፤ ቺንጋ ስትቀይሪ ትፈልጊዋለሽ። አንድ አዲስ ቺንጋ፣ 21 ቁልፍና ፑሊውን የምትይዢበት ካቻቪቴ ከመኪናው አይለዩ።

ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከስሩ ወንፊት ነው ያለው። ስለዚህ በየ3,000 ማይሉ ዘይቱ ይቀየራል፣ ወንፊቱም ይታጠባል። ወንፊቱን ሳወጣ ሁልጊዜ በጣቴ እዳብሰዋለሁ። ጥቁር ዝቃጭ ችግር የለውም። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ግን ሞተሩ ውስጥ የሚበላላ ነገር አለ።

ቫልቩ በዚያው በ3,000 ማይል ይስተካከላል። ክፍተቱ 0.15 ሚሊሜትር፣ ሞተሩም ፍጹም የቀዘቀዘ ይሁን። 3ኛውን ሲሊንደር አደራ። በአንቺ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱ መንገድ ላይ ስለቆመ፣ 3ኛው የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። የሚቃጠል ቫልቭ ካለ ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። ትንሽ ጠክ ጠክ ብትሰሚ አትደንግጪ። የላላ ቫልቭ ይጮኻል፤ የጠበቀው ነው ዝም ብሎ የሚቃጠለው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ፤ የቤንዚን ጎማው፣ ቤንዚኑን ከታንከሩ ወደ ሞተሩ የሚያመጣው ቱቦ። እዚህ አገር ብዙ ቮልስ የተቃጠለው በዚህ ነው። የዛሬው ቤንዚን ኤታኖል አለበት፤ የድሮውን ጎማ ይጎዳዋል። ጎማውን እጥፍ አድርገሽ እዪው። ስንጥቅጥቅ ካለ ዛሬውኑ ይቀየር፣ ጫፍና ጫፉም በፋሸታ (በቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይታሰር። የቤንዚን ፊልትሮ ሞተሩ አጠገብ ተንጠልጥሎ ካገኘሽ ከዚያ አስወልቂው። ክብደቱ በንዝረት የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) የነሐስ መግቢያ እየነቀነቀ ያወልቀዋል፤ ቤንዚኑ የሚረጨው ደግሞ የእሳት ብልጭታ ያለበት ዲስትሪቢውተር ላይ ነው። ፊልትሮውን ከፊት፣ ታንከሩ ስር አድርጊው። እሳት ማጥፊያም እጅሽ የሚደርስበት ቦታ ይኑር። የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስለሆነ አንዴ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል።

አንድ የመጨረሻ። ክፍት ቮልስ ከላይ የሚይዘው ጣሪያ ስለሌለ ጥንካሬው ያለው ከበሮቹ ስር ባለው ላሜራ ነው። በሩን ክፈቺና በዚያ በኩል በክሪክ አንሺው፤ ከዚያ በሩን ቀስ ብለሽ ዝጊ። እንደ ቀድሞው ገጥሞ ከተዘጋ እሰየው። ከታሰረ ወይም ከወረደ ላሜራውን ዝገት በልቶታል፤ ሌላውን ጥገና ትተሽ ከዚያ ጀምሪ።

ጣርማ በር (አዲስ አበባ)፦

አባ ቺንጋ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ዳገቱና ቁልቁለቱ ብቻ ልጨምር። የእኔ ቮልስ ጣሪያው ዝግ ነው፤ ሞተሩ ግን እንደ አንቺው 1500 ነው። ቤተሰብ ለመጠየቅ ደብረ ሲና ስወርድ በጣርማ በር ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስካይላይን ድራይቭ ከፍተኛው ቦታው 1,122 ሜትር ነው፤ ከፍታው አያሳስብሽ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል፤ ለዚህ ነው እኛ ካርቡሬተሩን ቤንዚን እንዲቀንስ የምናስተካክለው። አንቺ አትንኪው።

ዳገት ላይ በ4ኛ አታስጨንቂው። ብዙ ሰው ሞተር እንዳይጮኽ ብሎ በትልቅ ማርሽ እየጎተተ ይወጣል። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው፤ ሞተሩ እያቃሰተ ሲወጣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ነፋሱ ይቀንሳል። ፍጥነቱ ሳይወርድ 3ኛ አስገቢለት። ይጩህ፤ ሲጮኽ ነው የሚቀዘቅዘው።

ቁልቁለቱን በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። የአንቺ ፍሬን አራቱም ታምቡር ነው። እግርሽን ፍሬኑ ላይ አሳርፈሽ ከወረድሽ ታምቡሩ ይግላል፤ ከዚያ ብትረግጪውም አይዝም። ማርሽ ይያዘው፤ ፍሬን ስትፈልጊ ጠንከር አድርገሽ ረግጠሽ ልቀቂ። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ስለሚስብ በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ደረሰኙ ላይ ካላገኘሽው አልተቀየረም ብለሽ ቁጠሪው።

የፒያሳ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

እግዜር ይስጥልኝ አባ ቺንጋ፣ ጣርማ በርም ተባረክ። የበሩን ፈተና ሞከርኩት፤ በሁለቱም በኩል ጥሩ አድርጎ ይዘጋል። የቤንዚን ጎማው ግን ሳጥፈው ውጩ ተፈረካከሰ። አዲስ ጎማና ፋሸታ አዝዣለሁ፤ እስኪመጣ መኪናው አይነሳም።

አሁን የቀረኝ የሸራው ነገር ነው። ትንሽ የሻጋታ ሽታ አለው። ስከፍተው ደግሞ ኋላዬ ተቆልሎ በመስታወት ምንም አያሳየኝም። ይሄ ያለ ነው? የእናቴንም ጥያቄ አደራ።

አባ ቺንጋ (አሌክሳንድሪያ)፦

ጎማውን ሳትቀይሪ አለማስነሳትሽ ደስ ብሎኛል።

ሸራው አንድ ጨርቅ እንዳይመስልሽ። በላይ ሸራው፣ በመሃል ፓዲንግ የሚሉት ወፍራም ሙሌት፣ በውስጥ የጣሪያው ልብስ አለ። ሲዘጋ ውስጡ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ሲታጠፍ የሚቆለለውም ለዚህ ነው። ሁሉም ክፍት ቮልስ እንዲሁ ነው። የጎን መስታወቶቹን በሁለቱም በኩል ሰፋ አድርገሽ አስተካክይ፤ መስመር ከመቀየርሽ በፊትም ዞር ብለሽ እዪ።

ሸራው እርጥብ ሳለ በፍጹም አትጠፊው። ፓዲንጉ ውሃ ከያዘ ሳምንት አይደርቅም፤ ሽታው የመጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ፀሐይ ባለበት ቀን ሸራውን ዘግተሽ መስኮቶቹን ክፈቺና ይዋል። በመኪና ማጠቢያ ማሽን አታስገቢው። ለስላሳ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። ቤት ስትገቢ ሁልጊዜ ዝጊው፤ ታጥፎ ከከረመ ይሸበሸባል፣ ስትዘጊውም አልደርስ ይልሻል። ስታጥፊው ጨርቁ የብረቶቹ መጋጠሚያ ውስጥ እንዳይገባ በእጅሽ ወደ ውጭ ሳብ ሳብ አድርጊው። ብዙ ሸራ የሚቀደደው እዚያ ላይ ተቆንጥጦ ነው።

እናትሽን ከፊት አስቀምጫቸው። ጣሪያው ተከፍቶ የጎን መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ላይ ከተዘጉ ነፋሱ በላያቸው ያልፋል፤ ፊታቸውን አይመታም። ኋላ ወንበር ግን ነፋሱ ተመልሶ ይገባል፤ እዚያ አይቀመጡ። ነጠላቸውን በሻሽ ያስሩት፤ ጋቢም ለጉልበታቸው ይዘሽ ሂጂ። ማሞቂያውን ክፈቺላቸው፤ ጣሪያው ተከፍቶም እግር ያሞቃል። ብቻ ሙቀቱ የሚመጣው የጭስ ቱቦውን ከከበበው አየር ስለሆነ ቀድመሽ ፈትሺው። የጭስ ሽታ ይዞ ከመጣ ዝጊው፤ እስኪጠገንም አትክፈቺው።

ማይል 32 (ማናሳስ)፦

እኔ ስለ መኪናው አላውቅም፤ መንገዱን ግን በደንብ አውቀዋለሁ። ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ነው፤ የፍጥነት ወሰኑ 35። ለአንቺ መኪና ልክ ነው፤ ማንም ከኋላ አያጣድፍሽም፤ ሰው ከበዛብሽም ማያ ቦታዎቹ ብዙ ስለሆኑ ገባ ብለሽ ታሳልፊያቸዋለሽ።

ከፍሮንት ሮያል ግቢ፤ ቤንዚንም እዚያው ሙዪ። የማይል ድንጋዮቹ ከዚያ ነው የሚጀምሩት። ሁሉንም በአንድ ቀን ልጨርስ አትበዪ፤ ለእናትሽ ይከብዳል። ቶርንተን ጋፕ የሚባለው መውጫ 31ኛው ማይል አካባቢ ነው። እሱን እንዳለፍሽ ሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ከዓለቱ ተፈልፍሎ የተሠራ። መብራት አብሪና ጣሪያው እንደተከፈተ ግቢ። የቮልስ ድምፅ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለእናትሽ ልተወው። የጣርማ በርን ዋሻ ካለፉበት ወዲያው ትዝ ይላቸዋል። ከዚያ እስከ ስካይላንድ ሂጂ፤ ከፍተኛው ቦታ እዚያ ነው። ምሳ በልታችሁ ተመልሳችሁ በቶርንተን ጋፕ ወደ ሉሬይ ከተማ ውረዱ።

ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያሉት ማያዎች ያምራሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ ያሉት፤ የሸናንዶዋ ሸለቆ ከነወንዙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥቅምት ቅዳሜና እሑድ ሰው ከመጠን በላይ ነው፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ፈቃድ ውሰጂ። ሲመሽ አጋዘን መንገዱን ያቋርጣል፤ የድሮ መኪና መብራት ደካማ ስለሆነ ፀሐይ ሳትገባ ከተራራው ውረዱ። ጭጋግ ከወረደም ሌላ ቀን ይሻላል። ከላይ ሲሸፍን አንድ ነገር አይታይም።

የፒያሳ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ስለ ዋሻው ለእናቴ አነበብኩላት። ከአባቴ ጋር ደሴ ሲሄዱ በጣርማ በር አልፈዋል፤ «እዚያ ውስጥ ክላክስ ያደርግ ነበር» አለችኝ። ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አባ ቺንጋ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ቫልቩን የሚያስተካክልልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። የሚያውቁት ካለ ይጠቁሙኝ።

አባ ቺንጋ (አሌክሳንድሪያ)፦

ሰው አትፈልጊ። ጎማው ከተቀየረ በኋላ ዓርብ ማታ አምጪውና እኔ ጋ ይደር። ቅዳሜ በጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ እናገኘዋለን። መለኪያው አለኝ፤ የሽፋኖቹን ማሸጊያ ብቻ ገዝተሽ ነይ። አሮጌ ልብስ ልበሺ፤ 3ኛውን ሲሊንደር ራስሽ ትለኪዋለሽ።