ዓይነ ስውር ጓደኛችን በራሱ ሲቀልድ ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ በስድስት ኪሎ ግቢ አብሮን የሚማር ዓይነ ስውር ጓደኛችን፣ መብራት በጠፋ ቁጥር «ተሰለፉ፤ ዛሬ መሪያችሁ እኔ ነኝ» እያለ ያስቃል። እኔ ግን ሳቄ ንቀት እንዳይመስል ስለምሰጋ ዝም እላለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ 1፦ እኔም ዓይነ ስውር ነኝ። ቀልዱ ካሳቀዎት ይሳቁ። የሚከብደን ሳቁ ሳይሆን፣ ከቀልዱ በኋላ የሚከተለው ዝምታና «አይዞህ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የሚለው ማጽናኛ ነው፤ የጨዋታውን ቦታ ለቅሶ ቤት ያስመስለዋልና።

መልስ 2፦ እስማማለሁ። ሆኖም እርሱ በራሱ ላይ የቀለደውን እርስዎ እርሱ በሌለበት ለማያውቁት ሰው ቢደግሙት ስድብ ይሆናል። መጫወት ካማረዎት በራስዎ ይጀምሩ (በጨለማ መደናበርዎ በቂ ርእስ ይመስለኛል)።

መልስ 3፦ አንዳንዱ ቀልድ አቤቱታ ያዘለ ነው። ክዳኑ ስለተሰረቀ የቱቦ ጉድጓድ ወይም በፈተና ቀን ጥያቄውን ሊያነብለት ሳይመጣ ስለቀረ አንባቢ ሲቀልድ፣ ከሳቁ በኋላ «አመለከትህ ወይ? አብሬህ ልሂድ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሥራ ሊጠይቅ ሄዶ ገና ከበሩ እንደመለሱት እየሳቀ ቢያወራም፣ ብቃት ያለውን አመልካች በአካል ጉዳቱ ምክንያት ማግለል በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የተከለከለ መሆኑን ማንሳት ጨዋታ ማበላሸት አይደለም።