ለጫካ የሚሆን ትልቅ ቢላ፦ ሦስቱን መናገሻ ሱባ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ

«ለእግር ጉዞ ጠንካራ ቢላ ፈልጌ ነበር፤ ከውጭ ላስመጣ ወይስ እዚሁ ላሠራ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ መልሴ የዘገየው ሄጄ ልሞክራቸው ብዬ ነው። ባጭሩ፦ እዚሁ አሠሩ። ግን ሲያሠሩ ምን ማየት እንደሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የምጽፈውም አብዛኛው ስለዚያ ነው።

ይዤ የወጣሁት ሦስት ነው። አንዱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከመኪና ባሌስትራ (የመኪናውን ክብደት ከሚሸከመው የስፕሪንግ ብረት) ያሠራሁት ካራ ነው። ስለቱ 25 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፣ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ሁለተኛው ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ገጀራ ነው፤ ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ግን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ። ሦስተኛውን ከአንድ መደብር ነው የገዛሁት፦ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ ያለው፣ እጀታው ባዶ ሆኖ ውስጡ ክብሪትና ኮምፓስ የሚይዝ። ዋጋው ካራዬን ከነሰገባው ሦስት ጊዜ ያሠራል።

መናገሻ ሱባን ለማታውቁት፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ የወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ያለ ጥብቅ ደን ነው። እኛ በሰበታ በኩል ገባን። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ችግኝ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ኮሶው፣ ወይራው ሁሉ አለ፤ ጉሬዛ ከላይ፣ ድኩላ ከታች። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለሙከራ ብሎ ለምለም ቅርንጫፍ መቁረጥ ነውር ነው፣ ክልክልም ነው። ስለዚህ ገና ስንገባ የደን ጠባቂውን «ጋሼ፣ የወደቀ ደረቅ እንጨት ብንጠቀም ይፈቀድልናል?» ብለን ጠየቅናቸው። ድንኳን የሚተከልበት አጠገብ ወድቆ የደረቀ ጥድና አንድ የወይራ ቅርንጫፍ አሳዩን። «ከዚህ ውጭ እንዳትነኩ» አሉ፤ አልነካንም።

መጀመሪያ ጥዱን። እንደ ክንዴ የሚወፍረውን ደረቅ ጥድ ካራው በአሥራ ስምንት ምት ቆረጠው። ክብደቱ ወደ ጫፉ ስላደላ ክንድ ሳይደክም ራሱ ይወድቃል፤ ወደ እጀታው አደላድሎ የተሠራ ቢላ ይህን አያደርግም። ገጀራው ያንኑ እንጨት ለመቁረጥ ከእጥፍ በላይ ምት ፈጀ፤ ስስ ስለሆነ ደረቅ እንጨት ላይ ይርገበገባል፣ ንዝረቱም እስከ ክርን ይሰማል። የማይዝገው ቢላ ደግሞ ቀላል ነው፤ እንጨቱን ጫር ጫር አደረገው እንጂ አልገባበትም። የጀርባው የመጋዝ ጥርስ ሁለት ሦስት ጊዜ ስንጎትተው በዱቄት ታፍኖ ቆመ።

ቀጥሎ መሰንጠቅ። ቢላውን እንጨቱ አናት ላይ አሳርፎ ጀርባውን በሌላ እንጨት መምታት ነው። ዝናብ ባረጠበው ጫካ እሳት ለማያያዝ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፣ ምክንያቱም የእንጨቱ ልብ ከላዩ ይልቅ ደረቅ ነው። ጥድ ቀጥ ብሎ ስለሚሰነጠቅ ካራው በጥቂት ምት ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ከፈለው። የማይዝገው ግን በስድስተኛው ምት እጀታው ላላ። ፈትቼ ሳየው ወደ እጀታው የገባው ብረት ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ በአንዲት ብሎን ብቻ ነው የተያዘው። ከዚያ በኋላ ወደ ቦርሳዬ መልሼዋለሁ፤ እጀታው የላላ ስለት ተወርውሮ ጓደኛዬን ቢያገኘው ማን ይመልሰዋል?

የመጨረሻው ፈተና ወይራው ነበር። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ስለቱ በቂ ጥንካሬ ከሌለው ይታጠፋል፣ ከልክ በላይ ደርቆ ከተሠራ ደግሞ ይሸረፋል። ካራዬ አንድ ቦታ ላይ እንደ ስንዴ ቅንጣት የምታህል ታጠፈች፣ አልተሸረፈችም። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፦ የታጠፈን ስለት ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ በመሳያ ድንጋይ አቃናሁት፤ የተሸረፈ ቢሆን ኖሮ ግን ያን ያህል ብረት ፈግፍጎ መጣል ነው። ከወይራው የተረፈውን ፍቅፋቂ እሳቱ ላይ ስንጨምረው ያ የታጠነ የእርጎ ዕቃ ሽታ ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን።

ገጀራውን አጣጣልኩት እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ ስንወርድ ክረምቱ ያበቀለው ሳማ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ዘግቶት ነበር። አስጎብኚያችን ገጀራውን ተቀብሎ ፊት ፊት እየጠረገ አወረደን። ለሳማ፣ ለሣር፣ ለለስላሳ ግንድ ገጀራን የሚያክል የለም፤ ከፋና ጅማ ያለ የቡና ገበሬ ካራ ሳይሆን ገጀራ የሚይዘው ለዚህ ነው። ጉዟችሁ ወደዚያ ከሆነ ገጀራ ግዙ፤ ደጋ ላይ፣ ደረቅ እንጨት የሚፈለጥበት ከሆነ ካራ አሠሩ።

አሁን ወደ ማሠራቱ። ምናለሽ ተራ ስትሄዱ «ቢላ ሥራልኝ» ብቻ ካላችሁ ከተገኘው ላሜራ ተቆርጦ ይሰጣችኋል። ባሌስትራ ይሁን በሉ፤ የባሌስትራ ብረት ከእጥፋት ተመልሶ እንዲቃና ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሲመታ በቀላሉ አይሰበርም። ስንጥቅ ያለበት እንዳይሆን ግን ቁራጩን ከመሥራታቸው በፊት ራሳችሁ እዩት፤ መኪና ላይ ብዙ ዘመን የሠራ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል የመሃሉን ሳይሆን የጫፉን ክፍል ምረጡ። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይዝለቅ፤ እንጨቱ ከግራና ከቀኝ ተለብጦ ቢያንስ በሦስት ምስማር ይቀጥቀጥ።

ትልቁ ነገር እሳቱ ነው። ብዙ ጊዜ ስለቱን አግለው ውሃ ውስጥ ይነክሩትና ያበቃል፤ እንዲህ የተሠራ ይሸረፋል። በዘይት ይነከር፣ ከዚያም እንደገና በለስላሳ እሳት ይሙቅ፤ 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የተወለወለው ብረት የጤፍ ገለባ ቀለም ይይዛል፣ ያን ጊዜ ይውጣ። የእኔን የሠሩልኝ አባት ይህን ስጠይቃቸው ፈገግ አሉና «የሚጠይቀኝ ካለማ እሠራለሁ» አሉኝ። ርካሹን ስለምንፈልግ ነው እንጂ ሙያው አለ። ለመቀበል ስትሄዱ ትንሽ ሞረድ ያዙ፦ ስለቱ ላይ ስታስኬዱት ከተንሸራተተ ጠንክሯል፣ እንደ እንጨት ከነከሰው ለስላሳ ነው፤ ይመለስላቸው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቀጥቃጮቻችንን በስድብ ስም የመጥራት ልማድ ዛሬም አልጠፋም፤ አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ሂዱ፣ ወንበር ስበው ሲያስቀምጧችሁ ቁጭ በሉ፣ አክብራችሁ ተነጋገሩ፣ ዋጋ አታራክሱባቸው።

ሰገባውን ጫማ ሰፊ ዘንድ ወፍራም የበሬ ቆዳ ገዝቼ አሰፋሁት። ስለቱ በሚያርፍበት ጎን ስፌቱ ላይ ተጨማሪ ቀጭን ቆዳ ይግባበት፤ አለዚያ ቢላው ክሩን ይበጥሰዋል። እጀታው በዝናብ እንዳይንሸራተት ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣውን ላስቲክ ጠቅልሉበት፤ ከገበያ ከሚገዛው ሁሉ በልጦብኛል።

ለጠየቃችሁኝ ሌሎች ነገሮች፦

«ለአንድ ቀን ጉዞ ትልቅ ቢላ ያስፈልጋል ወይ?» አያስፈልግም። ሽንኩርት ለመክተፍ፣ ገመድ ለመቁረጥ ትንሽ ቢላ ይበቃል። እኔ ሞራ የሚባለውን የስዊድን ቢላ ነው የምይዘው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለት ያለው፣ ቀላል ነው፣ በደንብ ይሳላል። ካራው ለሚያድር ሰው ነው።

«ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የሚስሉትን ላስለው?» የወጥ ቤቱን አዎ። ካራውን ግን በሚሽከረከር ድንጋይ አታስነኩት፤ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ያ ሁሉ የእሳት ሥራ እዚያ ቦታ ላይ ጠፋ ማለት ነው። መሳያ ድንጋይ ይበቃል።

«ታክሲና አውቶቡስ ላይስ?» ወገብ ላይ አታንጠልጥሉ። ከነሰገባው በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቦርሳው ታች አድርጉት፤ ፍተሻ ላይ ሳትጠየቁ በፊት ራሳችሁ ተናገሩ። አውሮፕላን ከሆነ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ብቻ።

«አይዝግም?» ይዝጋል። ከጉዞ ስትመለሱ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የስፌት ማሽን ዘይት ቀቡት፤ ቤት ውስጥ ከሰገባው አውጥታችሁ አስቀምጡት፣ ቆዳው እርጥበት ስለሚይዝ። የወይራ እጀታ ከሆነ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የተልባ ዘይት አጠጡት።