ሌሊት ምንም ሳይበላ የጠዋት የደም ስኳር ለምን ይጨምራል?

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ከያዛት ቆይቷል፤ ሜትፎርሚንና ግሊበንክላማይድ ትወስዳለች። በቅርቡ ቸርችል ጎዳና ካለ አንድ መድኃኒት ቤት የስኳር መለኪያ ገዝተንላት ማታና ጠዋት ጣቷን እየወጋን እንለካለን። ማታ 3 ሰዓት ላይ 138 የነበረው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ምንም ሳትቀምስ 164 ሆኖ ይገኛል። እኅቴ፣ እናታችን ሌሊት ተደብቃ የምትበላ መስሏት በየማለዳው ትቆጣታለች፤ እናቴም በዚህ አዝናለች። ምንም ካልተበላ ይህ ስኳር ከየት ይመጣል? ሁዳዴም እየቀረበ ስለሆነ፣ እስከ 9 ሰዓት መጾም ስኳሩን ያወርድላት እንደሆነ ትጠይቀኛለች።

የፊዚዮሎጂ መምህር፦
ይህ ቁጥር እናትዎ ሌሊት ስለ መብላታቸው ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እኅትዎም ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ስኳሩ ከራሳቸው ጉበት ሊመጣ ይችላል።

በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዘዋወረው ግሉኮስ (የደም ስኳር የምንለው) ከ4 እስከ 5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ ነው፤ አንጎል ግን ብቻውን በቀን ወደ 120 ግራም ይፈልጋል። ስለዚህ እንቅልፍ ላይ ሳለን ጉበት ያለማቋረጥ ግሉኮስ ወደ ደም ማስገባት ይኖርበታል። መጠኑን የሚወስኑት በዋናነት ቆሽት ውስጥ ተበታትነው የሚገኙት፣ ጀርመናዊው ሐኪም ፖል ላንገርሃንስ በ1869 እ.ኤ.አ. የገለጻቸው የህዋስ ደሴቶች ናቸው። በእነዚህ ደሴቶች ያሉት ቤታ ህዋሳት ምግብ ስንበላ ኢንሱሊን ያመነጫሉ፤ ኢንሱሊኑም ጡንቻና ስብ ግሉኮስን እንዲወስዱ፣ ጉበትም በግላይኮጅን (በተጠራቀመ ስኳር) መልክ እንዲያከማች ያደርጋል። የደም ስኳር ሲቀንስ ደግሞ አልፋ ህዋሳት ግሉካጎን ይለቃሉ፤ በዚህ ጊዜ ጉበት ግላይኮጅኑን ይሰባብራል፣ ከላክቴት፣ ከአሚኖ አሲድና ከግሊሰሮልም አዲስ ግሉኮስ ይሠራል። ጡንቻም ግላይኮጅን ያከማቻል፤ ነገር ግን ለራሱ ይጠቀምበታል እንጂ ግሉኮስ አድርጎ ለደም አይመልሰውም።

እኔ እጅግ የሚያስደንቀኝ የአቀማመጡ ነገር ነው፤ ከቆሽት የሚወጣው ደም ወደ ሌላው አካል ከመሰራጨቱ በፊት በቀጥታ ወደ ጉበት ስለሚገባ፣ የሁለቱም ሆርሞኖች ትእዛዝ ከሁሉ አስቀድሞና ከሁሉ በላቀ መጠን የሚደርሰው ለጉበት ነው። በተጨማሪም ኢንሱሊን እዚያው ደሴቶቹ ውስጥ ጎረቤቶቹን አልፋ ህዋሳት ይገታል። በዓይነት 2 የስኳር ሕመም ግን ቤታ ህዋሳት ይዳከማሉ፣ ግሉካጎን ከሚገባው በላይ ይለቀቃል፣ ጉበቱም ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፤ በመሆኑም ደሙ በቂ ስኳር እያለው ጉበቱ ሌላ መጨመሩን ይቀጥላል። ወደ ንጋት ኮርቲሶልና የዕድገት ሆርሞን ይህን ሂደት ያባብሱታል። ጤነኛ ቆሽት ጥቂት ኢንሱሊን ጨምሮ ያካክሰዋል፤ የእናትዎ ቆሽት ግን ይህን ለማድረግ አቅም አጥቶ ይሆናል። ሜትፎርሚን የሚሰጠውም በዋናነት ይህን የጉበት ምርት ለመቀነስ ነው።

በስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ፦
መምህሩ ባስረዱት ላይ ስለ ጾሙ ልጨምር። ግሊበንክላማይድ ምግብ ተበላም አልተበላም ቤታ ህዋሳት ኢንሱሊን እንዲለቁ ያስገድዳል። ስለዚህ ይህን መድኃኒት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት መጾም ስኳሩን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊጥለው ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ ለገፉና ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች ያስፈራል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም መፍትሔ አይደለም። ከሁዳዴ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በጾም ስለማታስገድድ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ። እስከዚያው ለጥቂት ሌሊቶች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለክታችሁ መዝግቡ፤ ሐኪሙ ስኳሩ ሌሊቱን ወርዶ እንደነበረ ወይም ቀስ በቀስ እንደጨመረ የሚለየው በዚህ ነው።

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ለእናቴም ለእኅቴም አነበብኩላቸው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ሲል እናቴ ቁርሷን ትዘላለች። ይህስ ይጠቅማታል?

በስኳር ክትትል ክፍል የምትሠራ ነርስ፦
አይጠቅማቸውም፤ ግሊበንክላማይዱን ወስደው ቁርስ መተው ከሁሉ የከፋው ነው። መጠነኛ ቁርስ ይብሉ። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ወዲያውኑ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነና መዋጥ ከቻሉ 15 ግራም፣ ማለትም 3 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም ደግማችሁ ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፍ ምንም ሳትሰጡ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።