ቃሉ ሲገሥጸኝ ልቤ እንዳይዘጋ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። መጽሐፍ ቅዱስን ሳነብ የሚገሥጸኝ ክፍል ላይ ስደርስ ለሌላ ሰው የተጻፈ ይመስለኛል። እንዴት ላንብብ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ንጉሥ ዳዊትም ነቢዩ ናታን የእርሱን በደል የሌላ ሰው አስመስሎ ሲነግረው፣ «ያ ሰው አንተ ነህ» እስኪለው ድረስ የተቆጣው በሌላው ላይ ነበር (2ኛ ሳሙኤል 12፥7)። ያዕቆብ 1፥19-25ን ሳትቆራርጥ ሁለት ጊዜ አንብብ። ቁጥር 21 ላይ ቅደም ተከተሉን አስተውል፤ መጀመሪያ ርኩሰትን ማስወገድ፣ ከዚያ ቃሉን በየዋህነት መቀበል። ሲያበቃ ዛሬውኑ የምታደርገውን አንድ ነገር ጻፍ። «ትሑት እሆናለሁ» አይጠቅምም፤ «ማታ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ» በል።

መልስ 2፦ መቀበል ግን የሰሙትን ሁሉ መዋጥ አይደለም። ጳውሎስ የሰበከላቸው የቤርያ ከተማ ሰዎች ቃሉን በሙሉ ፈቃድ ተቀብለው በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር (ሐዋርያት ሥራ 17፥11)። ስብከትንም እንዲሁ መርምር።

መልስ 3፦ በዘሪው ምሳሌ ውስጥ ማርቆስ 4፥19ንም እይ፤ ቃሉን የሚያንቀው ክህደት ብቻ አይደለም፣ የኑሮ ሐሳብም ነው።