ለ210 አባወራ መጠለያ፦ ጨፌው ይሻላል ተዳፋቱ?

ማር_ዘነብ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ዝናብ ከድቷቸው ከዓባይ በረሃ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ደጋ የወጡ 210 አባወራዎች አሉ፤ ሲቆጠሩ 940 ነፍስ። ለጊዜው የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥና ዘመድ ቤት ተጠግተዋል። ወረዳው ለመጠለያ የሚሆን ሁለት ቦታ አሳይቷል። አንዱ ወንዝ ዳር ያለ ጨፌ ነው፦ ሜዳ፣ መኪና የሚገባበት፣ ውኃው እግር ሥር፣ አፈሩ ዋልካ። ሌላው ወደ ላይ ወጣ ብሎ ያለ ቀይ አፈር ተዳፋት ነው፣ ስፋቱ አራት ሄክታር ተኩል ግድም፤ ምንጩ ግን 700 ሜትር ይርቃል። ኮሚቴው ወደ ጨፌው አዘንብሏል። የመጣው ሸራ 4 በ6 ሜትር ነው፣ ለየአባወራው አንድ አንድ። 80 የሚሆኑ ከብቶችም ይዘዋል። ስንት ሽንት ቤት፣ ስንት ሮቶ እንደሚያስፈልግ፣ እህሉ እንዴት ቢታደል እንደሚሻል የምታውቁ ጻፉልን። አሁን መጋቢት ነው፤ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ማስገባት ይፈለጋል።

ቦኖ_ውኃ፦
ጨፌውን ተውት። ዋልካ በመጋቢት ለሽንት ቤት ሲቆፈር እንደ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ቆፋሪውም ይደሰታል። ሐምሌ ሲገባ ያው ግድግዳ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ሸርተት ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ወለሉም፣ ላዩ ላይ የቆመውም ሰው አብሮ። በዚያ ላይ በበጋ የሚሰነጠቀው ስንጥቅ ክንድ ያስገባል፤ ከሽንት ቤቱ የሚወጣው በዚያው ሾልኮ ወንዝ ይደርሳል። የጉድጓዱ ወለል ክረምት ላይ ከሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ማለት አለበት። ጨፌ ላይ ይህን ማግኘት ዘበት ነው።

የሽንት ቤቱን ቁጥር በተመለከተ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለ50 ሰው አንድ መቀመጫ፣ ማለትም 19። ቀጥሎ ለ20 ሰው አንድ፣ ማለትም 47። ሴቶች ከወንዶች ሦስት እጥፍ ይመደብላቸው፣ በሩም ከውስጥ ይቀርቀር፤ ካልተቀረቀረ ማታ ማንም ሴት አትሄድበትም፣ ሜዳውም ይበላሻል። ከቤት ከ50 ሜትር አይራቅ፣ ከምንጭና ከጉድጓድ ውኃ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ይራቅ። ቀይ አፈር ላይ ሁለት ሜትር ጥልቀት ይበቃል። አፉን 50 ሳንቲም ያህል ዙሪያውን በድንጋይ ያዙት፤ መጀመሪያ የሚናደው እሱ ነው። ሊሞላ 50 ሳንቲም ሲቀረው አፈር መልሱበት። «ትንሽ ይቆይ» የሚባልለት ጉድጓድ ነው ዝንብ የሚያፈላው።

ውኃ በቀን ለአንድ ሰው 15 ሊትር ቢታሰብ 14,100 ሊትር ይሆናል። ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ነው የሚሰላው፣ አራት ይበቃል፤ ግን ስድስት አፍ ያለው ቦኖ ሥሩ፣ ሁለቱ ሁልጊዜ ይሰበራሉ። ዋናው ነገር ምንጩን ዛሬውኑ መለካት ነው። ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ያዙና ጻፉ። ልኬቱ የሚታመነው በመጋቢትና በሚያዝያ ነው፤ በጥቅምት የተለካ ምንጭ ሁሉ ጀግና ነው።

ቆለኛው፦
700 ሜትር በእንስራ? የመጠለያ መለኪያው ውኃ ከ500 ሜትር አይራቅ ይል የለም እንዴ? ሴቶቹን ለምን ትፈርዱባቸዋላችሁ። ሰዎቹ ሰኔ ላይ ይመለሳሉ፤ ጨፌው ለሦስት ወር አይበቃም?

ቦኖ_ውኃ፦
ርቀቱ እውነት ነው፣ ለዚያ ነው በቧንቧ የሚመጣው። ምንጩ ከሰፈሩ ከፍ ያለ ከሆነ ፓምፕም ነዳጅም አያስፈልግም። ሰኔ ላይ ይመለሳሉ የሚለውን ግን ማን ዋስ ሆነበት? ዘርና በሬ ሳይያዝ የሚመለስ የለም። ሌላም ነገር አለ፦ ያ ጨፌ የአገሬው ገበሬ የበጋ ግጦሽ ነው። ግንቦት ላይ ከብቱን የሚያበላበት ሲያጣ ጠቡ የሚነሳው ከተፈናቃዩ ጋር ነው፣ ቦታውን ከፈቀደው ኮሚቴ ጋር አይደለም።

ሰንበሌጥ፦
ስለ ቤቱ ልጨምር። የቦታው ስፋት መንገዱን፣ መጋዘኑን፣ ማብሰያውን ጨምሮ በሰው 45 ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ 940 ሲባዛ 42,300፣ ማለትም አራት ሄክታር ከሩብ ሊሆን ምንም አይቀረው። ተዳፋቱ ይበቃል። ዘንበል ማለቱ ከመቶ አንድ እስከ አምስት ቢሆን ጥሩ ነው። መሣሪያ የለም አትበሉ፦ ውኃ የሞላ ነጭ ጎማ በአሥር ሜትር ርቀት ላይ በሁለት ካስማ ያዙ፣ ከላይኛው ካስማ እስከ ታችኛው የመሬቱ ከፍታ ልዩነት ከ10 እስከ 50 ሳንቲም ከሆነ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ እርከን ሥሩለት።

ባለ 4 በ6 ሸራ ባለ ሁለት ክንፍ ድንኳን ተደርጎ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሲሰቀል ወለሉ 4 ሜትር በ4 ሜትር ተኩል ይመጣል፤ 18 ካሬ ሜትር። ለአምስት ሰው ልክ በልክ ነው፣ በሰው ሦስት ካሬ ተኩል። ነገር ግን ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይቀራሉ፣ ደጋ ላይ ደግሞ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ሸራውን ጣሪያ ብቻ አድርጉት፤ ግድግዳው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ይሁን። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይላቀቃል፣ ጭዱን አትቆጥቡ። ሰባትና ስምንት ሰው ያለው ቤተሰብ በአንድ ሸራ አይገባም፤ ከአሁኑ መዝግባችሁ ከ30 እስከ 40 ትርፍ ሸራ ጠይቁ።

ሸራ የሚቀደደው ጠርዙ ላይ ካለው የገመድ ማስገቢያ ቀዳዳ ነው፣ የመጋቢት ነፋስ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። በቀዳዳው አትሰሩት። የእንቁላል ያህል ጠጠር ሸራው ጠርዝ ላይ ጠቅልሉ፣ ከጠጠሩ ሥር በገመድ እነቁት፣ ገመዱን ከካስማ ጋር ሳቡት። ጠጠሩ ክብ ይሁን፤ ሹል ከሆነ እሱ ራሱ ይበሳዋል።

ቀይ አፈር ላይ ምስጥ አለ። መሬት የሚገባውን 50 ሳንቲም የቋሚውን እግር እሳት ላይ አክስሉት፣ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቡት። በቤትና በቤት መካከል ቢያንስ ሁለት ሜትር ይተው፣ ምግብ ግን በጭራሽ ከሸራ ሥር አይበሰል። ለአራት ለአምስት ቤት አንድ የጋራ ማብሰያ ጎጆ ሥሩ። ማገዶውን ወረዳው ካላሰበበት የአካባቢው ደን በአንድ ወር ያልቃል፤ ከአዊ በኩል የሚመጣው የደከረንስ ዛፍ ከሰል በጅምላ ቢገዛ ያዋጣል። ቀርከሃውንም ከእንጅባራ አምጡ፣ የሽንት ቤቱን ግድግዳ ለመሸፈን ከሸራ ይበልጣል፤ ሸራ ይሰረቃል።

ቁና፦
እህሉን ላስላላችሁ። የወር ራሽን በሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ሊትር ዘይት ነው። ለ940 ሰው 141 ኩንታል እህል፣ 14 ኩንታል ከ10 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 423 ሊትር ዘይት ይመጣል።

ስንዴው በ50 ኪሎ ጆንያ ነው የሚገባው፣ 15 ደግሞ ለ50 አይካፈልም። እየፈቱ በጣሳ መስፈር ቀኑን ይጨርሳል፣ ጣሳውም እንደ ሰፋሪው እጅ ነው። ቤተሰቦቹን አሥር አሥር ነፍስ አድርጋችሁ አቧድኑ፦ አሥር ሰው ማለት ሦስት ጆንያ ልክ። አንዱ ቤት ስድስት፣ ጎረቤቱ አራት ቢሆን ሦስቱን ጆንያ ተሸክመው ሄደው እዚያው ይካፈላሉ፣ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። 94 ቡድን ነው፣ በግማሽ ቀን ያልቃል።

የሚረሳው የወፍጮ ክፍያ ነው። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ለማስፈጨት ሲል ከራሽኑ ይሸጣል፤ ወሩ ሳያልቅ ይራባል፣ ከዚያ «ስንዴ ይሸጣሉ» ተብሎ ይከሰሳል። ከወፍጮ ቤቱ ጋር በኩንታል ተዋዋሉ፣ ወረዳው ይክፈል።

ምዝገባ ላይ ደግሞ ወንዱ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወይ ወደ መተከል ሊወርድ ይችላልና ካርዱን በሚስቱም ስም አድርጉ። «አባወራው ይምጣ» እየተባለ ስንት ቤት ጦሙን ያድራል። ሕፃናቱን በመጀመሪያው ቀን በክንድ ዙሪያ መለኪያ አሳልፏቸው፦ ከ11.5 ሳንቲም በታች ከሆነ ሕክምና እንጂ ራሽን አይበቃውም። የኩፍኝ ክትባት የሌለበት መጠለያ አትክፈቱ።

ቆለኛው፦
ይህ ሁሉ ወጪ ከሚወጣ ለም መሬት ወዳለበት ቆላ፣ ወደ መተከል በኩል ለምን አይሰፍሩም? መሬቱ ባዶ ነው።

በለስ_ማዶ፦
ወንድም ዓለም፣ ይህ ተሞክሯል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ መንግሥት በአብዛኛው ከወሎ የመጡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን እዚያው መተከል፣ ፓዌ አሰፈረ፤ ያኔ መተከል የጎጃም አውራጃ ነበር። መንደሮቹ እስከ ዛሬ በቁጥር ነው የሚጠሩት። ደገኛው ወባን አያውቅም፣ ብዙ ሰው አለቀ። በሬውን ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ፈጀው፤ ያለ በሬ ደግሞ ወሎዬ ገበሬ እጁ የተቆረጠ ያህል ነው። በጣሊያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ትራክተር ገባ፣ ሥርዓቱ ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ወጣ፣ ትራክተሩም ቆመ። «ባዶ» የተባለው መሬት ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ ጉሙዝ እያፈራረቀ የሚያርሰውና ለዓመታት የሚያሳድረው መሬት ነበር። ያደረ መሬት ባዶ መሬት አይደለም።

ለአስተዳደሩ ግን ከሩቅ አገር የሚጠቀስ አለ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ድርቅና አቧራ ያፈናቀላቸው ገበሬዎች ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፉ መንግሥት ካምፕ ሠራላቸው። አርቪን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፣ ኃላፊው ቶም ኮሊንስ ይባል ነበር። ነዋሪዎቹ ራሳቸው የመረጡት ኮሚቴ ነበር ጽዳቱን የሚያስከብረውና ጠቡን የሚዳኘው። ካምፑም የተተከለው ሥራው ባለበት ነው፣ እርሻ አጠገብ። እናንተም ከየረድፉ ሁለት ሁለት ሰው ያስመርጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን። የቦኖውንና የሽንት ቤቱን ቁልፍ እነሱ ይያዙት። የወረዳ ዘበኛ የያዘው ቁልፍ ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነው።

ሰንበሌጥ፦
ስለ ከብቶቹ ማንም አላነሳም። አንድ በሬ በቀን ስድስት ኪሎ ድርቆሽ ወይም ጭድ ይፈልጋል፤ 80 ከብት ማለት በቀን ወደ አምስት ኩንታል። ይህን ማንም አያቀርብም። ከስታ ዋጋዋ ሳይወርድ ላሟንም ጊደሯንም አሁን ይሽጡ፣ የእርሻ በሬ ብቻ ይቅር። ለበሬው ጭድ ላይ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ይጨመርለት። በረቱ ከቤቶቹ በታች፣ ነፋስ ወደሚወስድበት በኩል ይሁን። ዘሩንም ከአሁኑ ጠይቁ፦ ማሽላ ለአንድ ቃዳ (ሩብ ሄክታር) ሦስት ኪሎ ግድም ነው፣ ግንቦት ሳይጋመስ እጃቸው ካልገባ ቆለኛው ያለው ሰኔ አይመጣም።

ማር_ዘነብ፦
ምንጩን ለካነው። 20 ሊትሩ በ80 ሰከንድ ሞላ። ከምንጩ እስከ ተዳፋቱ ራስ ቁልቁለቱ 15 ሜትር ይሆናል። ከምንጩ የሚቀዱ 60 የአገሬው አባወራዎችም አሉ።

ቦኖ_ውኃ፦
በሰዓት 900፣ በቀን 21,600 ሊትር ነው። ለ940ው 14,100፣ ለአገሬው በቤት አምስት ሰው ብትሉ 4,500፤ ይቀራል 3,000። ይበቃል፣ ግን ጠባብ ነው፤ ከብቶቹ ወንዝ ይውረዱ። ሌሊት በአሥር ሰዓት 9,000 ሊትር ስለሚፈስ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሌሊቱን ይይዘዋል፤ ሮቶ ከሌለ ግማሹ ውኃ ሰው ተኝቶ ሳለ ይሄዳል። ሁለት ሮቶ ትከሉ፣ አንዱ ክሎሪን ሲገባበት ሌላው ይቀዳ። ለአንድ ሙሉ ሮቶ 65 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት 30 ግራም፣ በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጣችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ክፈቱ።

ቧንቧው 32 ሚሊ ከሆነ በ700 ሜትር ላይ ወደ ዘጠኝ ሜትር ቁልቁለት ይበላል። 15 ስላላችሁ ያደርሳል፣ መሐሉ ላይ ጉብታ ከሌለ። ጉብታ ካለ አየር ይቋጥራል፣ ውኃው እየቆመ ይመጣል፤ ለዚያ ክፍል 40 ሚሊ አድርጉ፣ ጉብታው ላይም አየር ማስወጫ ይግባ። ቧንቧውን 60 ሳንቲም ቅበሩት፣ ማረሻ እንዳያገኘው። ምንጩ በግንብ ሲጎለብት ለአገሬው የራሱን ቧንቧ እዚያው ምንጩ ላይ አውጡለት፣ የእነሱ መጀመሪያ ይከፈት።

ማር_ዘነብ፦
መስመሩ መሐል ላይ አንድ ጉብታ አለ፣ ከሁለት ሜትር አይበልጥም። ነገ በነጭ ጎማው እንለካዋለን።