ያገለገለ ቫን ከአውሮፓ አስመጥቶ ማደሪያ መኪና ስለ ማድረግ

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም ንግሥ እናቴንና አክስቶቼን ይዤ እጓዛለሁ፤ ሲሳካልን ደግሞ ገናን ላሊበላ እናከብራለን። በእነዚህ ቀናት ማደሪያ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ እናቴም ዕድሜዋ ስለ ገፋ ድንኳን ውስጥ ማደር ከብዷታል። ስለዚህ ቀን የምንጓዝበት፣ ማታ የምንተኛበት፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው መኪና ለማሠራት ወስኛለሁ።

ጀርመን አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2014 የተሠራ፣ በናፍጣ የሚሠራና የኋላ ክፍሉ ባዶ የሆነ የዕቃ ማመላለሻ መርሴዲስ ስፕሪንተር አግኝቷል። ሐሳባችን ከብሬመርሃቨን ወደብ በመርከብ ወደ ጅቡቲ ልከነው፣ በጋላፊና በሚሌ በኩል ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እንዲደርስ ነው። የአጎቴ ልጅ አልጋውና ማብሰያው እዚያው ጀርመን ቢገጠምለት ሥራው የተሻለ ይሆናል ይላል፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ደሴ ቢሠራ ወጪው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ። ሻጩ ቀብድ እየጠየቀ ስለሆነ፣ መኪናው መግባት መቻሉን፣ የቀረጡን ነገርና የትኛው አካሄድ እንደሚሻል የምታውቁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ (ትራንዚተር፣ ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቀብዱን እንዳይከፍሉ እለምንዎታለሁ። በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ በ2016 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል፤ እርስዎ ያሰቡት መኪና ደግሞ የናፍጣ ነው። አንዳንድ ሰው «ይህ እኮ የጭነት ቫን ነው እንጂ አውቶሞቢል አይደለም» ብሎ ሊያደፋፍርዎት ይችላል። ነገር ግን ጉምሩክ የሚመለከተው ሻጩ ያወጣለትን ስም ሳይሆን መኪናው በታሪፍ መጽሐፉ የሚያርፍበትን ምድብ ነው፤ የእርስዎ ጥያቄም በአብዛኛው የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

በዓለም አቀፉ የታሪፍ አመዳደብ ዕቃ ለመጫን የተሠራ ተሽከርካሪ በ8704፣ ሾፌሩን ጨምሮ አሥርና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዝ በ8702፣ አውቶሞቢል ደግሞ በ8703 ይመደባል። አልጋና ማብሰያ የተገጠመለት ማደሪያ መኪና የሚያርፈው ከአውቶሞቢሎች ጋር በ8703 ነው። እንግዲህ የአጎትዎ ልጅ እንዳሰበው መኪናው ጀርመን ተሠርቶ ቢመጣ፣ ባዶ ቫን ሆኖ ቢመጣ ሊኖረው የሚችለውን የክርክር ዕድል እንኳ አጥቶ፣ ክልከላውም ግብሩም ከሁሉ ወደሚጠነክርበት ምድብ በገዛ ገንዘባችሁ አስገባችሁት ማለት ነው።

ግብሩን በተመለከተ፣ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪናዎችን በዕድሜያቸው መጠን እየጨመረ የሚያስከፍል ሲሆን፣ ሞተሩ ከ1,800 ሲሲ በላይ ሆኖ ከሰባት ዓመት በላይ ያገለገለ አውቶሞቢል ላይ ምጣኔው እስከ 500 በመቶ እንዲደርስ አድርጎ ነው የወጣው። ከዚያ በላይ ሰውን የሚያስደነግጠው ግብሩ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ መሰላቱ ነው። የጉምሩክ ቀረጡን ለጊዜው እንተወውና፣ ዋጋው ከመድኑና ከማጓጓዣው ጋር 100 ብር የሆነ ዕቃ 500 በመቶ ኤክሳይስ ሲጨመርበት 600 ይሆናል፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በ600ው ላይ ስለሆነ 690 ይደርሳል፤ በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲታከልበት 759 ብር ይሆናል። መነሻ ዋጋውም ቢሆን ሻጩ በደረሰኝ የጻፈው ብቻ አይደለም፤ ጉምሩክ ዋጋው ዝቅ ብሏል ብሎ ካመነ በራሱ የዋጋ መረጃ ያሰላል።

በዚህ ሁሉ መካከል መኪናው ጅቡቲ ደርሶ «አይገባም» ቢባል፣ የወደቡ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል፤ መልሶ ለመጫንም ሌላ የመርከብ ክፍያ አለ። ስለዚህ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመትና የጀርመን የምዝገባ ወረቀቱን ቅጂ ይዘው ወደ ጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ምድቡንና መግባት መቻሉን በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተሰጠ መልስ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ ዕቃው የሚገለጽበት ቅጽ) በሚሞላበት ቀን አያገለግልም።

መልስ (የወረኢሉ ልጅ፣ ከእንግሊዝ አገር)

የትራንዚተሩን ምክር ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር ለመጨመር ወደድኩ፤ ምክንያቱም ብዙ ወገኖቻችን እዚህ አውሮፓ የሚታየውን የማደሪያ መኪና ሥራ አይተው በቀጥታ ወደ አገራቸው ሊወስዱት ይሞክራሉ። እንግሊዞች ያገለገሉ መኪናዎችን ከጃፓን እያስመጡ ማደሪያ ማድረግን በደንብ ለምደውታል። ከሁሉ የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2005 የተሠራው ማዝዳ ቦንጎ ፍሬንዲ ነው፤ አንዳንዱ ጣሪያው ወደ ላይ ተነሥቶ የመኝታ ቦታ ይሆናል። ጃፓን ውስጥ መኪናው በጨረታ ሲሸጥ መርማሪ የእያንዳንዱን ጭረትና የዝገቱን ቦታ በሥዕል ምልክት አድርጎ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ገዢው ያንን ወረቀት አይቶ ሳይደርስበት መግዛት ይችላል። ይህ ሁሉ ለእነርሱ የተመቸው ሁለቱም አገሮች በግራ ስለሚነዱና መሪያቸው በቀኝ ስለሆነ ነው። አገራችን ግን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ የምትነዳ በመሆኗ መሪው በቀኝ የሆነ መኪና ታርጋ አያገኝም። ስለዚህ ማንም ሰው ከጃፓን ወይም ከእንግሊዝ ርካሽ ቫን አለ ቢልዎት ዋጋውን ለመስማት እንኳ ጊዜ አያጥፉ።

የጀርመኑ መኪና መሪው በግራ ቢሆንም ሌላ መዘዝ አለበት። በክረምታቸው በረዶውን ለማቅለጥ አውራ ጎዳናው ላይ ጨው ስለሚበትኑ፣ ከላይ ሲታይ አዲስ የሚመስል ቫን ከሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል። የአጎትዎ ልጅ በሌላ ጊዜ ማንኛውንም መኪና ሲያይ ቀለሙን ትቶ ይንበርከክ፤ ከኋላ ጎማው ጀርባ ያለውን የላሜራ መገጣጠሚያ፣ የተንሸራታቹን በር የታች ሐዲድና ባሌስትራው ሻንሲው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ጫን ጫን እያደረገ ይፈትሽ። ጤነኛ ብረት ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ግን ይረግባል ወይም ቅርፊቱ ይረግፋል። በቅርቡ ከሥሩ ወፍራም ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና በተለይ ያጠራጥራል።

መልስ (የላሜራና የቦዲ ሠራተኛ፣ ደሴ)

ወንድም ጋሼ፣ የእናትዎ ነገር ልቤን ነክቶት ነው የምጽፈው፤ መውሊድን ለማክበር ወደ ጀማ ንጉሥ አዛውንቶችን ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦችም ያለባቸው ችግር ይኸው ነው። የእኔ ምክር መኪናውን ከባሕር ማዶ መፈለግ ትተው አገር ውስጥ ያለ፣ ቀረጡ የተከፈለ፣ ሊብሬ ያለው አባዱላ ሚኒባስ እንዲገዙ ነው። መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል፤ የትኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ስፕሪንተር ግሸን መንገድ ላይ ቢቆም የሚያስፈልገውን ዕቃ ከየት እንደሚያመጡት ያስቡት።

ሲገዙ ግን ሊብሬውን በጥንቃቄ ያንብቡ። ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ያ መብት ለሌለው ሰው ሲዛወር ያልተከፈለው ቀረጥ ይጠየቅበታል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ራስዎ ያመሳክሩ። ወንበር አንሥተን አልጋ ስንገጥም የመኪናው አገልግሎት ስለሚለወጥ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ይዘው ለመንጃና ተሽከርካሪ ጽሕፈት ቤቱ ያስታውቁ። ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 እያለ፣ ሳያስታውቁ የተለወጠ መኪና ቦሎ ሲታደስ ጣጣ ያመጣል።

ስለ ሥራው ደግሞ፣ ክብደት ዋናው ጠላት ነው። ቁም ሣጥኑን በኤምዲኤፍ የሚሠራ ባለሙያ ካጋጠመዎት እሺ አይበሉ፤ ከባድ ከመሆኑም በላይ እርጥበት ሲነካው ያብጣል። ቀጭን ኮምፔንሳቶ ይሻላል። ውኃው በባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ይሁን፤ ሦስት ጀሪካን 60 ኪሎ ነው፤ ከኋላ ጎማው ፊት፣ ወለሉ ላይ ታስሮ ይቀመጥ። ፖርቶመጋላው ላይ ከሶላር ፓኔል በቀር ሌላ ከባድ ነገር አይጫን፤ ሐረጎን ሲወርዱ በየመታጠፊያው ከላይ የተጫነ ዕቃ መኪናውን ያዘነብለዋል።

ለመብራት፣ ለስልክና ለትንሽ የ12 ቮልት ማቀዝቀዣ 200 ዋት ፓኔልና 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ይበቃል። በእኛ ፀሐይ ፓኔሉ ደመና በሌለበት ቀን ወደ 800 ዋት ሰዓት ገደማ ያስገኛል፤ ባትሪው የሚይዘው ወደ 1,280 ዋት ሰዓት ነው። ማብሰያው በሲሊንደር ጋዝ ከሆነ ደግሞ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን ከመኝታው ክፍል የተዘጋ ሆኖ፣ ከሥሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ይኑረው፤ ቀዳዳውም ከማርሚታው የራቀ ይሁን። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቅዎት የቡናውን ከሰል ነው። የደሴም የግሸንም ሌሊት ይበርዳልና አንድ ሰው «ፍሙን እናስገባው፣ ይሞቀናል» ማለቱ አይቀርም። በተዘጋ መኪና ውስጥ የከሰል ጭስ ሳይሸት ይገድላል። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ለብርዱ ግድግዳውና ጣሪያው በፎም ይሸፈን፣ ወፍራም ብርድ ልብስም ይዘጋጅ።

ተጨማሪ ጥያቄ (ጠያቂው)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀብዱ እንዳይከፈል ዛሬውኑ ለአጎቴ ልጅ ደውዬለታለሁ። ከተጻፈው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ክልከላው ኤሌክትሪክን የማይነካ ከሆነ፣ የኤሌክትሪክ ቫን ማስመጣቱ ለዚህ ጉዞ አይሆንም ወይ? ሁለተኛ፣ አባዱላው ከተገኘ ለእናቴ አልጋው እንዴት ቢሠራ ይመቻታል?

መልስ (ትራንዚተር፣ ኮምቦልቻ)

የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ውሳኔ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ የሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ሆኖ፣ ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኖ ነበር። ምጣኔ ስለሚለዋወጥ ዲክላራሲዮን በሚሞላበት ጊዜ የሚሠራበትን ይጠይቁ። ያገለገለ ከሆነ ግን የባትሪው የቀረ አቅም በሙያተኛ ተለክቶ በወረቀት ካልቀረበልዎት አይግዙ፤ የመኪናው ዋጋ በአብዛኛው ባትሪው ነው።

መልስ (የላሜራና የቦዲ ሠራተኛ፣ ደሴ)

የኤሌክትሪኩ መኪና ለደሴና ለኮምቦልቻ ምልልስ እጅግ ጥሩ ነው፤ ከፍታ ላይ እንደ ናፍጣ ሞተር ጉልበት አያጣም፣ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑን ከማቃጠል ይልቅ ባትሪውን ይሞላል። ነገር ግን ልኩን እንመልከት። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ቫን ለመውጣቱ ብቻ ከ4 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ይህም ለርቀቱ የሚያስፈልገውን ሳይጨምር ነው። ወደ ግሸን የሚወስደው መንገድ ደግሞ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ነው፤ በንግሥ ሰሞን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ባለበት ተራራ ላይ መሙያ ተማምኖ መሄድ አይቻልም። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው እመክረዋለሁ፤ ለእርስዎ ጉዞ ግን ለጊዜው አልመክርም።

የእናትዎ አልጋ በጎን በኩል፣ ከተንሸራታቹ በር አጠገብ ይሁን እንጂ ከኋላ በተሻጋሪ አይሠራ፤ በተሻጋሪ ከሆነ ሌሊት ለመነሣት ሌላውን ተኝ ሰው መሻገር ሊኖርባቸው ነው። የፍራሹ ላይኛው ጫፍ ከወለሉ 45 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ቢል ቁጭ ብለው እግራቸው መሬት ይነካል፤ ለመነሣትም ጉልበታቸው አይጨነቅም። ከሥሩ ያለው ቦታ ለጀሪካኑና ለባትሪው ይሆናል። ከመሬት ወደ ወለሉ ያለው ከፍታ ለአረጋዊ ስለሚበዛ፣ በበሩ ሥር የሚታጠፍ የብረት ደረጃ በሻንሲው ላይ እንበይዳለን፤ ላሜራው ላይ ቢበየድ ግን ይቀደዳል። ከበሩ ምሰሶ ላይ የሚያዝ እጀታ አንድ በቁመታቸው ልክ፣ ሌላ ደግሞ ከአልጋው ራስጌ ይገጠማል፤ ቁመቱን እንድንለካ እሳቸውን ራሳቸውን አንድ ቀን ይዘዋቸው ቢመጡ ደስ ይለኛል።