ቮልፍ ቢርማን፦ ኮሚኒስት መንግሥት ኮሚኒስቱን ዘፋኝ ለምን አባረረው?

ጥያቄ፦

ስለ ምሥራቅ ጀርመኑ የግጥምና የዜማ ደራሲ ስለ ቮልፍ ቢርማን ሰሞኑን ሳነብ ሁለት ነገሮች አልገባ አሉኝ። አባቱ በሐምቡርግ ወደብ ይሠራ የነበረ አይሁዳዊ ኮሚኒስት ሲሆን በ1943 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአውሽዊትዝ ተገድሏል። ልጁም በ1953፣ ብዙ ሰው ወደ ምዕራብ በሚሸሽበት ጊዜ፣ ገና በ16 ዓመቱ ከሐምቡርግ ወደ ምሥራቅ በፈቃዱ ተሻግሯል። ገዥው ኮሚኒስት ፓርቲ እንዲህ ያለውን የሰማዕት ልጅ በየአደባባዩ ሊኮራበት ሲገባ ለምን አፉን ዘጋው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ስለ አገጣጠሙ ነው። በደርግ ዘመን የእኛ ድምፃውያን ሳንሱሩን በፍቅር ግጥም ሸፍነው ለማለፍ ይሞክሩ እንደነበር ይነገራል፤ ቢርማን እንደ ሰምና ወርቅ ያለ መንገድ አልነበረውም?

መልስ 1፦

የሁለቱም ጥያቄዎችዎ መልስ አንድ ይመስለኛል። ቢርማን ራሱን የሚያየው እንደ ቤቱ ልጅ ስለነበር የሚናገረውን መሸፈን አላስፈለገውም። በዲሴምበር 1962 ደራሲው ሽቴፋን ሄርምሊን በምሥራቅ በርሊኑ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ባዘጋጀው የግጥም ምሽት ላይ ያቀረበው ግጥም በቀጥታ ለአንጋፋዎቹ ጓዶች የተጻፈና በአዲሱ ሥርዓት አለመርካቱን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ነበር፤ ከዚያ ምሽት የተነሣም ሄርምሊን ራሱ በአካዳሚው የነበረውን ኃላፊነት አጣ። ከውጭ የሚመጣ ነቀፋ ቢሆን ኖሮ የኢምፔሪያሊስቶች ፕሮፓጋንዳ ነው ተብሎ በቀላሉ ይታለፍ ነበር፤ በፓርቲው በራሱ ቋንቋ፣ ያውም በሰማዕት ልጅ አንደበት፣ የተገባው ቃል ይፈጸም የሚል ዘፈን ግን እንዲህ ያለ መልስ የለውም። በ1965 የግጥም መድበሉ በምዕራብ በርሊን ከታተመ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የተካሄደው የማዕከላዊ ኮሚቴው 11ኛ ምልዓተ ጉባኤ በፊልሞችና በደራስያን ላይ ሲዘምት ቢርማንም በመድረክ እንዳይታይ፣ በኅትመትም እንዳይወጣ ተከለከለ።

ሰምና ወርቅ ላሉት ግን አንድ ምሳሌ አለ። በአንዱ ባላዱ ውስጥ ከ500 ዓመት በፊት የኖረው ፈረንሳዊ ባለቅኔ ፍራንሷ ቪዮን ከቢርማን ጋር በደባልነት ይኖራል፤ ሰው ሲመጣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል፣ ሌሊት ደግሞ በበርሊኑ ግንብ ላይ እየተንጎራደደ እሾሃማውን ሽቦ እንደ በገና ይደረድራል፣ የድንበር ጠባቂዎቹም በጥይታቸው ምት ይመቱለታል። ሰሙ ይህን ያህል የሳሳ ስለሆነ ወርቁን ለማግኘት መርማሪ መሆን አያስፈልግም።

መልስ 2፦

ከላይ የተጻፈው ትክክል ሆኖ፣ እገዳው በተግባር ምን እንዳስከተለ ልጨምር። መድረክ የተነፈገው ሰው በሾሴሽትራሰ ቁጥር 131 የነበረውን መኖሪያውን ስቱዲዮ አደረገው። በ1960ዎቹ መጨረሻ በምዕራብ ጀርመን በወጣውና በዚሁ አድራሻ በተሰየመው ሸክላው ላይ ከጊታሩ ጋር ትራሙና የመኪናው ጫጫታ ይሰማል፤ ክፍሉን ድምፅ እንዳይገባው ማድረግ ስላልተቻለ መንገዱም አብሮ ተቀረጸ። (በበኩሌ ከዚያ በኋላ በደኅና ስቱዲዮ ከተቀረጹት ሁሉ ይህን እመርጣለሁ።) በምሥራቅ ደግሞ ግጥሞቹ በእጅ እየተገለበጡ፣ ዘፈኖቹ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተቀዱ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ይተላለፉ ነበር።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ 11 ዓመት ሙሉ ከታገሡት በኋላ በማሰር ፈንታ ማባረሩን ለምን መረጡ?

መልስ 1፦

አባቱን ናዚዎች የገደሉበትን፣ በውጭም ስሙ የታወቀን ሰው ማሰር ከባድ ኪሳራ ነበር፤ ዜግነቱን መግፈፍ ቀደም ብሎ የታሰበበት እንደነበርም ኋላ የተከፈቱት ሰነዶች ያሳያሉ። በ1976 የምዕራብ ጀርመን የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሲጋብዘው የመውጫ ፈቃድ ተሰጠው። ኖቬምበር 13 ቀን በኮሎኝ ከተማ ከአራት ሰዓት በላይ ዘፈነ፤ ምሥራቅ ጀርመንን እየነቀፈም እየተሟገተላትም ነበር። በሦስተኛው ቀን ፖሊት ቢሮው ዜግነቱን ገፈፈው። በማግሥቱ ክሪስታ ቮልፍን፣ ሽቴፋን ሃይምንና ከላይ የጠቀስኩትን ሄርምሊንን ጨምሮ 12 ደራስያን ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በግልጽ ደብዳቤ ጠየቁ፤ ከመቶ በላይ የጥበብ ሰዎችም ተከተሏቸው።

የእስሩ ዕጣ የደረሰው ስማቸው እምብዛም ላልታወቀው ነው። ወጣቱ ደራሲ ዩርገን ፉክስ በዚያው ወር ተይዞ ለወራት ከታሰረ በኋላ ወደ ምዕራብ በርሊን ተባረረ። የቢርማን የቅርብ ወዳጅ የነበረው ሳይንቲስት ሮበርት ሃቨማን ደግሞ በቤቱ የቁም እስረኛ ሆነ።

መልስ 3፦

በ1980ዎቹ ላይፕዚግ ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ነኝ። የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ወዳጆች ስለነበሩ እኛም በሶሻሊስት ወንድማማችነት ስም ነበር የተላክነው። ከላይ በተባለው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ቢርማን በሕዝቡ ዘንድ የታወቀ ዘፋኝ እንደነበር ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። በእገዳው ዘመን የሚያውቁት በአብዛኛው ደራስያን፣ ተማሪዎችና የጥበብ ሰዎች ነበሩ። ሰፊው ሕዝብ ያወቀው መንግሥት ካባረረው በኋላ ነው፤ የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን የኮሎኙን ዝግጅት በዚያው ሰሞን ሲያስተላልፍ፣ ሥርጭቱ የሚደርሰው የምሥራቅ ነዋሪ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ ሊያየው ቻለ። ባይባረር ኖሮ ያን ያህል ተመልካች የሚያገኝ አይመስለኝም።

ዶርም የሚጋራኝ ጀርመናዊ ጓደኛዬ ስለ ቢርማን ስጠይቀው መጀመሪያ ተነሥቶ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገ፤ ቀጥሎ የነገረኝም ስለ ዘፋኙ ሳይሆን ያን ደብዳቤ ተከትለው አገር ጥለው ስለወጡት ተዋንያን ነበር፤ በተለይ በ1977 ስለሄደው ስለ ማንፍሬድ ክሩግ፣ ምክንያቱም እርሱን ሁሉም በፊልም ያውቀዋል።

በ1989 መከር መንግሥትን በመቃወም በላይፕዚግ አደባባዮች የወጣውን ሕዝብ የቢርማን ዘፈን አስነሣው የሚሉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙኝም አልስማማም። ኖቬምበር 4 ቀን በምሥራቅ በርሊን በተካሄደው ታላቅ ሰልፍ ላይ ሊገኝ ሲሞክር ከድንበር ተመልሷል፤ ላይፕዚግ ገብቶ የዘፈነው ግንቡ ከተከፈተ በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን ነው።